የአንድ ሳጥን ቢራ ገንዘብ የት ይቀራል? የአንድን ዘርፍ ፉክክር የመመርመሪያ መመሪያ

ወደ አንድ ዘርፍ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ገበያው ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል፤ ምርታቸው በየቀኑ እየተሸጠ፣ ትርፉ ግን ከአምራቹ እጅ ወጥቶ ለጥሬ ዕቃ አቅራቢው፣ ለአከፋፋዩ ወይም በርካሽ ለሚገዛው ተጠቃሚ የሚቀርባቸው ዘርፎች ጥቂት አይደሉምና። የፉክክር ምርመራ ዋና ሥራ፣ ተጠቃሚው ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ በማን እጅ እንደሚቀርና ለምን እዚያ እንደሚቀር ማወቅ ነው።

ይህ መመሪያ የኢትዮጵያን የቢራ ገበያ ምሳሌ አድርጎ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ቢራ የተመረጠው ተዋናዮቹ ጥቂትና የታወቁ ስለሆኑ፣ የፋብሪካዎቹ ሽያጭና ግዢ በይፋ የተነገረ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ግን አንባቢው በሰፈሩ ግሮሰሪ ተቀምጦ የተጻፈውን ሊያመሳክር ስለሚችል ነው። ከአዋጆችና «ዓ.ም.» ተብለው ከተጻፉት በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ምርመራ መሠረት የሃርቫርዱ መምህር ማይክል ፖርተር በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ያቀረበው የአምስቱ ኃይሎች ትንታኔ ነው። ኃይሎቹም በነባር ድርጅቶች መካከል ያለው ሽሚያ፣ የአዲስ ገቢዎች ስጋት፣ የተተኪ ምርቶች ስጋት፣ የአቅራቢዎች የመደራደር አቅምና የገዢዎች የመደራደር አቅም ናቸው። ትንታኔው እስካሁን ያልተሻረ ቢሆንም፣ በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በአምስት ሣጥኖች ውስጥ «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» እያሉ መሙላት በእኔ እምነት ምርመራ አይባልም። እንዲህ የተሞላ ቅጽ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም የማንንም ውሳኔ ሲያስለውጥ አላየሁም። ስለዚህ እዚህ አምስቱ ኃይሎች የሚመጡት የገንዘቡ መንገድ ከታወቀ በኋላ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ውሳኔውንና ወሰኑን በጽሑፍ ያስቀምጡ

ሥራው የሚጀምረው መረጃ በመሰብሰብ ሳይሆን፣ በምርመራው መጨረሻ የሚወሰነውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ነው። «የቢራ ዘርፍን ማጥናት» ውሳኔ አይደለም። «በምሥረታ ላይ ካለ የቢራ ፋብሪካ አክሲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»፣ «በደሴ ከተማ የአንድ ፋብሪካ ወኪል አከፋፋይ ልሁን?»፣ «ለቢራ ፋብሪካዎች ቆርኪ ላምርት?» የሚሉት ግን ውሳኔዎች ናቸው። ሦስቱም ቢራን የሚመለከቱ ቢሆኑም የሚመረመረው ዘርፍ አንድ አይደለም፤ አክሲዮን ለሚገዛው ሰው ተፎካካሪ የሆነው ፋብሪካ፣ ቆርኪ ለሚያመርተው ደንበኛው ነው።

ቀጥሎ ወሰኑን በሦስት አቅጣጫ ይከልሉ። የመጀመሪያው ምርቱ ነው፦ የጠርሙስ ቢራና ድራፍት በአንድ ላይ ይታያሉ ወይስ ለየብቻ? አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥስ? ለዚህ የሚሆን ቀላል መፈተኛ አለ፤ የጠርሙስ ቢራ ዋጋ ጨምሮ ድራፍቱ ባለበት ቢቆይ፣ ጠጪው ሳያቅማማ ወደ ጃምቦ የሚዞር ከሆነ ሁለቱ አንድ ገበያ ናቸው። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ የጠርሙስ ቢራ ከባድ ጭነት ከመሆኑም በላይ ባዶው ተመልሶ መምጣት ስላለበት፣ መኪናው መንገዱን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ጎንደር ላይ ያለ ፋብሪካ በባሕር ዳር ያለው አቋም በሐረር ካለው አቋም ጋር አንድ ሊሆን የማይችለውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሥራው እርከን ነው፤ ጠመቃ፣ ጅምላና ችርቻሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፉክክር አላቸው።

ወሰን ሲከለል የሚፈጸመው ስሕተት በሁለት በኩል ነው። አንዳንዱ «የመጠጥ ኢንዱስትሪ» ብሎ አስፍቶ ሁሉንም ቁጥር ትርጉም ያሳጣዋል፤ ሌላው ደግሞ «ከኛ በስተቀር ይህን የሚሠራ የለም» እስኪል ድረስ ያጠበዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋልና። ዳቦ ቤት የሚከፍት ሰው ደግሞ ይህን ደረጃ በግማሽ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ዳቦ ገዢው በእግሩ የሚሄድበትን ርቀት ለክቶ በዚያ ክልል ያሉትን መጋገሪያዎች ቢቆጥር ይበቃዋል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የምርቱን ስም ትተው ባለቤቱን ይቁጠሩ

በመደርደሪያ ላይ ስምንት ዓይነት ቢራ የሚያይ ሰው ስምንት ተፎካካሪ ያለ ይመስለዋል። ባለቤቶቹ ሲቆጠሩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አባል ወደሆነው ቢጂአይ ተላለፈ። ሄኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ከመንግሥት በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ በቂሊንጦም አዲስ ፋብሪካ ሠርቶ ዋልያን ለገበያ አቀረበ። የእንግሊዙ ዲያጂዮ በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ በ2022 ለቢጂአይ አስተላልፎ ወጣ። ጎንደር ላይ የተመሠረተው ዳሽን በደብረ ብርሃን ሁለተኛ ፋብሪካ ጨመረ፤ በዚያው ከተማ በ2015 ማምረት የጀመረው ሐበሻ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖችንና አንድ የኔዘርላንድ ጠማቂ ኩባንያን ያጣመረ ነው። ስለዚህ ዋልያ፣ በደሌና ሐረር በጠረጴዛ ላይ ቢፎካከሩም ገንዘባቸው ወደ አንድ ቤት ይገባል፤ ጊዮርጊስና ሜታም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በዓመት ቅደም ተከተል ይጻፉት። ታሪኩ ለጌጥ አይደለም። በ2011 እና በ2015 መካከል ግዢውና ግንባታው ተደራርቦ መምጣቱ፣ የማምረት አቅም በአንድ ጊዜ እንደተጨመረ ይነግራል። ዓለም አቀፍ ስምና ገንዘብ ያለው ኩባንያ በአሥር ዓመት ውስጥ ገብቶ መውጣቱም «ካፒታል ካለ ሁሉም ይሆናል» ለሚል አስተሳሰብ ማፍረሻ ነው። ለምን እንደወጣ ግን በግምት አይሙሉት፤ በማስታወሻው ላይ በጥያቄ መልክ ይቆይ።

የባለቤቶቹ ድርሻ በግምትም ቢሆን ሲታወቅ የገበያው ክምችት በሄርፊንዳል መለኪያ ይሰላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ በራሱ አባዝቶ መደመር ነው። ለልምምድ ያህል አራት ድርጅቶች 45፣ 25፣ 20 እና 10 በመቶ ቢኖራቸው፣ 2025 ሲደመር 625 ሲደመር 400 ሲደመር 100፣ ውጤቱ 3150 ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት በ2023 ባወጣው የኩባንያዎች ውህደት መመሪያ ከ1800 በላይ የሆነ ገበያ እጅግ የተከማቸ ይባላል። መለኪያው ግን የሚናገረው ገበያው በጥቂቶች እጅ ስለመሆኑ ብቻ ነው፤ ጥቂቶቹ ተስማምተው ይኖራሉ ወይስ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ የሚለውን አይመልስም።

መረጃ ፍለጋው እዚህ ላይ አድካሚ ነው። ሄኒከንን የመሰሉ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ወላጅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ያወጣሉ፤ ካስቴል የቤተሰብ ኩባንያ በመሆኑ ብዙ አይናገርም። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚያወጡት የደንበኛ መሳቢያ ሰነድ (ፕሮስፔክተስ) በጥንቃቄ ከተነበበ ጠቃሚ ነው። እኔ ከሁሉም የምመርጠው የጉምሩክን መረጃ ነው፤ በታሪፍ ቁጥር ተለይቶ የሚቀመጥ በመሆኑ 1107 ብቅል፣ 1210 ሆፕስ የሚባለው የቢራ ጌሾ፣ 7010 የብርጭቆ ጠርሙስ፣ 2203 ደግሞ ራሱ ቢራ ነው። የብቅል ገቢ ንግድ በአንድ ዓመት ሲቀንስ ወይ ጠመቃው ቀንሷል ወይ የአገር ውስጥ ብቅል ቦታውን ይዟል፤ የትኛው እንደሆነ ከሌላ ምንጭ ይጣራል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የአንዱን ሳጥን ገንዘብ ወደ ኋላ ይከተሉ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ጊዜ ካጠረኝ ሌላውን ትቼ ይህን ብቻ እሠራለሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ጠጪው የሚከፍለውን ዋጋ በስተቀኝ ጫፍ ይጻፉና ወደ ግራ እየተመለሱ ግሮሰሪውን፣ ንዑስ አከፋፋዩን፣ ወኪሉን፣ መንግሥትን፣ ፋብሪካውን፣ የብቅል አቅራቢውንና ገበሬውን በመስመር ያስቀምጡ። ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከአንድ ሳጥን ምን ያህል ይቀርለታል? ገንዘቡ ስንት ቀን ታስሮበት ይቆያል? ዕቃው ሲሰበር፣ ሲበላሽ ወይም ሳይሸጥ ሲቀር ኪሳራው የማን ነው?

ግብሩ ቀድሞ ይነሣ። ፋብሪካው ከታክስ በፊት አንዱን ሳጥን በ100 ብር ይሸጣል እንበል፤ ለስሌት እንዲመች ኤክሳይዙን፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ፣ 40 በመቶ ብንወስድ 140 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 161 ብር ይደርሳል። ከ161 ብር ውስጥ 61ዱ ከፋብሪካው በር ሳይወጣ የመንግሥት ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታክሱ ከፍተኛ ነው የሚል ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ተፎካካሪውን ለመርታት ከራሱ ዋጋ 10 ብር ቢቀንስ፣ ወኪሉ የሚገዛበት ዋጋ በ16 ብር ከ10 ሳንቲም ይወርዳል፤ ዋጋ ሲጨምርም እንዲሁ ጭማሪው በዚያው ልክ ይተልቃል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ዋጋን መነካካት ከሌሎች ዘርፎች ይልቅ በጠጪው ዘንድ ቶሎ ይታወቃል።

የታክስ ሕግ ደግሞ የፉክክሩን ሜዳ ራሱን ያስተካክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአገር ውስጥ ግብዓት ለሚጠመቅ ቢራ ዝቅ ያለ ምጣኔ ሰጥቷል፤ ይህም ብቅል ከውጭ በሚያስመጣውና ከአርሲ ገበሬ በሚገዛው ፋብሪካ መካከል በሕግ የተደነገገ የወጪ ልዩነት ፈጠረ። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ከአዋጁ ላይ በራስዎ ዓይን ያንብቡት፤ ምጣኔዎች ስለሚሻሻሉም በሥራ ላይ ያለውን ያረጋግጡ። በወሬ የተሰማ ምጣኔ የስንቱን የሥራ ዕቅድ እንዳበላሸ እኔ አውቃለሁ።

ከግብሩ ቀጥሎ ጠርሙሱ ይመጣል። ጠጪው የሚከፍለው ለፈሳሹ ነው፤ ጠርሙሱና ሳጥኑ ግን በፋብሪካው፣ በወኪሉና በግሮሰሪው መካከል የሚዞሩ ንብረቶች ናቸው። አንድ ግሮሰሪ አዲስ ዓይነት ቢራ ለመያዝ ቢፈልግ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ማግኘት ወይም ማስያዣ መክፈል አለበት። ጠርሙሱ የራሱ ቅርጽ ወይም የታተመ ጽሑፍ ካለው በሌላ ፋብሪካ ባዶ ሊቀየር አይችልም። በመሆኑም ባለግሮሰሪው ከአንዱ ቢራ ወደ ሌላው ለመዞር የሚያግደው ለጣዕሙ ያለው ፍቅር ሳይሆን በጓሮው የተቆለለው ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ይህ «የታሰረ ገንዘብ» ተብሎ በየእርከኑ ካልተጻፈ ምርመራው ግማሽ ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ገንዘቡን ማን ወደ ራሱ እንደሚስብ ይጠይቁ

አሁን አምስቱ ኃይሎች ሥራ ያገኛሉ። በአቅራቢዎች ይጀምሩ፤ ጥያቄውም «ይህ አቅራቢ ነገ ዋጋ ቢጨምር የት እሄዳለሁ?» የሚል ይሁን። የኢትዮጵያ ጠማቂዎች ለረጅም ዓመታት ዋነኛ የአገር ውስጥ ብቅል ምንጫቸው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ነበር፤ የጎደለውን በውጭ ምንዛሪ ያስመጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሱፍሌት በቦሌ ለሚ፣ ቡርትማልት በደብረ ብርሃን ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎችን ሲከፍቱ፣ ጠማቂው ከመርከብ ይልቅ በመኪና የሚደርስ አማራጭ አገኘ። ይህ የብቅል አቅራቢውን የመደራደር አቅም ቀነሰ ብሎ መደምደም ግን ይፈጥናል፤ ፉክክሩ አንድ እርከን ወርዶ የቢራ ገብስ ወደሚያመርተው ገበሬ ሄዷል። ብቅል ፋብሪካዎቹ ሲበዙ ገብሱን የሚሻሙት እነሱ ናቸው፤ የገብሱም ዋጋ የሚወሰነው በአርሲና በባሌ ማሳዎች፣ በዝናቡና ገበሬው ስንዴ መዝራቱ ይሻለው እንደሆነ በሚያወጣው ሒሳብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ደግሞ ሆፕስ፣ መለዋወጫና ሌላውም ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሒሳቡ እንደገና መሠራት ነበረበት። በወረቀትዎ ላይ ከእያንዳንዱ ግብዓት አጠገብ «በብር» ወይም «በዶላር» ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ይህች ምልክት ትጠቅማለች።

ገዢዎችን ሲመረምሩ ጠጪውን፣ ባለግሮሰሪውንና ወኪሉን አይቀላቅሉ። ጠጪው ብዙና የተበታተነ ስለሆነ ከፋብሪካ ጋር አይደራደርም፤ «ጊዮርጊስ ስጠኝ» ብሎ ስም ጠርቶ ካዘዘ ኃይሉ የፋብሪካው ነው፣ «ቀዝቃዛ ቢራ ስጠኝ» ካለ ደግሞ ኃይሉ ወደ አስተናጋጁ ይዞራል። ወኪሉ አንድን ከተማ ለብቻው የያዘ፣ መኪናና መጋዘን ያለው፣ ለግሮሰሪዎች በዱቤ የሚሰጥ ከሆነ ከፋብሪካው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለካካል። በአንጻሩ ውሉ በአጭር ማስታወቂያ የሚፈርስ ከሆነ፣ ወኪል ለመሆን የሚያስበው ሰው ገበያውን በራሱ ገንዘብ አልምቶ ለሌላ እንዳያስረክብ ውሉን ከትርፉ አስቀድሞ ያንብብ።

የመግቢያ እንቅፋት ሲባል ብዙዎች ካፒታልን ብቻ ያስባሉ። የቂሊንጦ ፋብሪካ ሲመረቅ አቅሙ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ነበር፤ አንዱ ሄክቶ ሊትር 100 ሊትር ነው። ይህን ወደ ሳጥን ይለውጡት፤ 24 ባለ 33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ የያዘ ሳጥን 7.92 ሊትር ነው፤ ስለዚህ አቅሙ ሁሉ በጠርሙስ ቢወጣ በዓመት ወደ 19 ሚሊዮን ሳጥን፣ በቀን ወደ 52 ሺህ ሳጥን ማለት ነው። አዲስ ገቢው ፋብሪካውን ለመገንባት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ፣ ይህን የሚመስል ብዛት በየቀኑ የሚቀበለው ግሮሰሪ፣ የሚያደርሰው መኪናና የሚዞረው ባዶ ጠርሙስ ከየት ይመጣል? እውነተኛው እንቅፋት ይኼ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ማድረጉም እዚህ ላይ ይታሰባል። ክልከላው ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሙ አስቀድሞ ከጠጪው አፍ የገባለት ነባር ፋብሪካ የማስታወቂያ ወጪ ሲተርፍለት፣ ስሙን ገና የሚያስተዋውቀው ግን አንደበቱ ተዘጋ። ለሕዝብ ጤና የወጣ ሕግ የነባሮችን አጥር ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ማስተዋል የመርማሪው ሥራ ነው፤ የሕጉን ተገቢነት መሟገት ግን አይደለም።

ተተኪዎቹን በአጭሩ መያዝ ይቻላል፦ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ድራፍት፣ ለስላሳ፣ የብቅል መጠጥ። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠውና በሰንጠረዥ ላይ የማይጻፈው ተተኪ ግን አለመጠጣት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሥጋ ቤቱና የግሮሰሪው እንቅስቃሴ ሲቀዘቅዝ ያየ ሰው ይህን አያጣውም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ነባሮቹ ምን ያህል እንደሚሻሙ በሒሳብ ይፈትሹ

«ፉክክሩ የጦፈ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አይጠቅምም። የሽሚያው መጠን ከወጪው አወቃቀር ይነበባል። አንድ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ሳጥኑን በ100 ብር ይሸጣል፤ ከዚህ ውስጥ 45 ብር ለብቅል፣ ለነዳጅና ለመሳሰሉት ተለዋዋጭ ወጪዎች፣ 40 ብር ደግሞ ለብድር ወለድ፣ ለእርጅና ቅናሽና ለደመወዝ ይውላል፤ 15 ብር ይተርፈዋል እንበል። ሽያጩ ወደ 60 በመቶ ቢወርድ ቋሚ ወጪው በጥቂት ሳጥን ላይ ስለሚከፈል ከ40 ወደ 67 ብር ገደማ ያድግና፣ ፋብሪካው በእያንዳንዱ ሳጥን 12 ብር አካባቢ ይከስራል። ይህ ሆኖ ሳለ ከ45 ብር በላይ የሚያገኝበት ማንኛውም ተጨማሪ ሽያጭ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ያግዘዋል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ዋጋ ቢቀንስ፣ ስጦታ ቢጨምር፣ ለወኪሉ ዱቤ ቢያራዝም ከእብደት አይቆጠርም፤ ሒሳቡ ራሱ ይገፋዋል። ሌሎቹም ተመሳሳይ ሒሳብ ስላላቸው ይከተሉታል።

ሁለት ነገር ይህን ያባብሰዋል። አንደኛው አቅም በትልልቅ ቁራጭ የሚጨመር መሆኑ ነው፤ የፋብሪካ ግማሽ አይገነባም። ሁለተኛው መውጫው ጠባብ መሆኑ ነው፤ የጠመቃ ጋን ለሌላ ሥራ አይውልምና ከዘርፉ የሚወጣ ሰው ያለው አማራጭ ለተፎካካሪው መሸጥ ነው። ከላይ ያየነው የሜታ አቦ ሽያጭ ምሳሌው ነው፤ ባለቤቱ ወጣ፣ ፋብሪካው ግን በገበያው ውስጥ ቀረ። በእርስዎ ዘርፍ «የሚከስር ሰው ሲወጣ ማሽኑ የት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «እዚያው» ከሆነ የዋጋ ሽሚያው ረጅም ዕድሜ አለው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከወረቀት ወጥተው ቦታው ላይ ይቁጠሩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አከፋፋይ የአንዲት ከተማን ገበያ እንዳጠናለት ጠይቆኝ፣ ከግሮሰሪ ወደ ግሮሰሪ እየዞርሁ «በብዛት የሚሸጠው የትኛው ነው?» እል ነበር። ከየቤቱ የተሰጠኝ መልስ ተመሳሳይ ነበርና ደስ ብሎኝ ጻፍሁት። በሦስተኛው ቀን አንድ ቤት ውስጥ መጸዳጃ ፈልጌ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ግድግዳውን ታክኮ የተደረደረው ባዶ ሳጥን ከተነገረኝ የተለየ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ነው ከፊት ለፊት ያለው ፍሪጅ የማን እንደሆነ ያስተዋልሁት፤ የፋብሪካው ስም ተጽፎበታል፣ ጥላውና ወንበሩም እንዲሁ። ባለቤቶቹ ከፋብሪካው የተላክሁ መስሏቸው ፍሪጁን እንዳላስወስድባቸው ነበር የሚመልሱልኝ። የሁለት ቀን ሥራዬን ጥዬ እንደገና ጀመርሁ።

ስለዚህ የሚጠየቀውን ትተው የሚቆጠረውን ይቁጠሩ። ቢያንስ 20 ግሮሰሪዎችን ከተለያየ ሰፈር መርጠው ጠዋት፣ አከፋፋዩ ባዶውን ሳይሰበስብ በፊት፣ በጓሮ ያሉትን ባዶ ሳጥኖች በየስማቸው ይመዝግቡ፤ ከሳምንት በኋላም በሌላ ቀን ይድገሙት። ፍሪጁ የማን እንደሆነና በውስጡ የሌላ ፋብሪካ ቢራ መኖር አለመኖሩን፣ በምሽትም ጠጪው በስም ያዝዝ ወይም «ያለውን ስጠኝ» ይል እንደሆነ ይከታተሉ። ባለቤቱን መጠየቅ ሲያስፈልግ ስለ ሽያጭ ሳይሆን ስለ ችግር ይጠይቁ፤ «የትኛው ቢራ ነው ስታዝዙ የሚዘገይባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከ«የትኛው ይሻላል?» ይልቅ ብዙ ያናግራል። ቆጠራው በጾም ወራት ላይ ከዋለ በማስታወሻው ራስጌ ላይ ይጻፍ፤ ከፋሲካ በኋላ ካለው ቁጥር ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሊመጣ የሚችለውን ምላሽ በስም ይጻፉ

እስካሁን የተሠራው ሜዳውን የሚያሳይ ነው። እርስዎ ሲገቡ ግን ሜዳው ዝም ብሎ አይጠብቅዎትም። ለእያንዳንዱ ዋና ተፎካካሪ አንድ አንቀጽ ይጻፉ፦ የማምረት አቅሙ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይስ ትርፍ አለው? በእርስዎ አካባቢ ቢሸነፍ ምን ያጣል? ከዚህ በፊት አዲስ ሰው ሲመጣ ምን አድርጓል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢፈልግም እንኳ ማድረግ የማይችለው ምንድን ነው? በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ዋጋ የሚያስከብር ትልቅ ፋብሪካ በአንዲት ከተማ ብቻ ዋጋ ለመቀነስ ይቸገራል፤ የሌሎች ከተሞች ወኪሎች ያንኑ ይጠይቁታልና። ትንሹ ፋብሪካ የሚያገኘው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለው ቦታ ነው።

ተፎካካሪው የውድድር ሕግን የሚነካ ነገር ቢያደርግስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀምንና ዋጋን በስምምነት መወሰንን ይከለክላል። የወኪል ውሎች «የሌላ ፋብሪካ ምርት አትያዝ» የሚል አንቀጽ ሲኖራቸው ከዚህ አዋጅ ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ጠበቃ ያማክሩ። እርስዎም ለምርመራ ብለው ከተፎካካሪ ጋር ስለ ወደፊት ዋጋ እንዳይነጋገሩ ይጠንቀቁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ውጤቱን በአንድ ገጽ ይጻፉ

ገጹ በመጀመሪያው ደረጃ የተጻፈውን ውሳኔ ከላይ አስቀምጦ መልሱን ወዲያው ከሥሩ ይስጥ። ከዚያ ገንዘቡ ዛሬ በማን እጅ እንደሚቀር፣ በእጁ የሚያቆይለት ምን እንደሆነና እርስዎ ከዚያ ላይ በምን አቅም እንደሚካፈሉ በሦስት አንቀጽ ይብራራ። ለምሳሌ ከላይ ባየነው ሁኔታ፣ በምሥረታ ላይ ካለ ቢራ ፋብሪካ አክሲዮን ለመግዛት የሚጠይቅ ዘመድ ቢኖረኝ፣ መልሴ ስለ ግንባታው ፍጥነት ከመጠየቅ ይልቅ ሦስት ሰነድ እንዲያሳዩት ነው፦ የተፈረመ የብቅል ወይም የገብስ አቅርቦት ውል፣ የጠርሙስና የሳጥን መግዣ በጀት፣ የወኪሎች ስምምነት። ሦስቱ ከሌሉ ጋኑ ቢተከልም ቢራው ግሮሰሪ አይደርስም። ለብቅል ወይም ለሳጥን ማምረቻ የሚያስብ ሰው ቢሆን ግን ያው የፋብሪካዎች ሽሚያ ለእርሱ ገበያ ስለሆነ መልሴ ሊገለበጥ ይችላል።

በገጹ ግርጌ መልሱን የሚያስቀይሩ ሁኔታዎች ከነቀናቸው ይመዝገቡ፦ የኤክሳይዝ ምጣኔ ሲሻሻል፣ አንድ ፋብሪካ ባለቤት ሲለውጥ፣ አዲስ የብቅል ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ የምንዛሪ ተመን ጉልህ ለውጥ ሲያሳይ። ከነዚህ አንዱ ሲደርስ ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት አያስፈልግም፤ የሦስተኛውን ደረጃ ወረቀት አውጥቶ የተነካውን ቁጥር ማረምና ለውጡ ወደ ማን እጅ እንደዞረ ማየት ይበቃል። የግሮሰሪ ቆጠራው ግን ምንም ባይለወጥም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በጾም ሌላው ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት፣ በተመሳሳዮቹ 20 ቤቶች ይደገም።